ጎሹ የተኛበት ባርኔጣ

የዚያ የብርድ ወራት ነገር ዛሬም ከልብ አይወጣም። ጠዋት ጠዋት እንፋሎቱ ከመሬት አልነሳ ብሎ፣ እንደ ሰነፍ ልጅ ተከናንቦ ይተኛል። ሰው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ነው የሚመጣው፤ ሳል ይመጣል፣ ሳቅ ይመጣል፣ ቆየት ብሎ ኮት የለበሰ ሰው ብቅ ይላል። ፊት በውርጭ ይቆረጣል፣ እግር ግን ከታች ይሞቃል። አጋዘኖቹ ከተራራው ወርደው በሞቀው ወንዝ ዳር ይቆማሉ፤ ጀርባቸው ላይ አመዳይ፣ ከሆዳቸው ሥር ሙቀት። ልብስ ሰፊዋ እስከ ዛሬ ድረስ ካውያዋን እርጥብ ጨርቅ ላይ ስታሳርፍ፣ እንፋሎቱ ሽው ብሎ ፊቷን ሲመታት፣ እጇ ቀጥ ይላል። ያ ወራት ነው የሚመጣባት። በዚሁ ሰበብ ጨርቅ ያቃጠለችበትም ቀን አለ።

ወደዚያ የሄደችው ታላቅ እህቷን ልትጠይቅ ነበር። እህቷ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ሥራዋ ምንድነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሰው ሁሉ ቀልድ ይመስለዋል። ባርኔጣ ታነሳለች። በቃ፣ ሥራዋ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፓርኩ ውስጥ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ ውሃ አለ። አንዳንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ይንተከተካል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ እየጮኸ ወደ ሰማይ ይምዘገዘጋል። ያንን ለማየት ሰው ከሩቅም ከቅርብም ይመጣል። መሬቱ ስለማይታመን መሄጃው ሳንቃ ነው፤ ከመሬት ከፍ ብሎ የተዘረጋ የሳንቃ መንገድ፣ ግራና ቀኙ የእጅ መደገፊያ ያለው። እንግዲህ ውሃው ሲወረወር ሰው ሁሉ አንጋጦ ያያል። ሰው ሲያንጋጥጥ ነፋስ ይመጣል። ነፋስ ሲመጣ ባርኔጣ ይሄዳል። ባርኔጣውን ተከትሎ ሰው እንዳይሄድ ነው እንግዲህ እሷ እዚያ የቆመችው።

መሣሪያዋ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነበር፤ አንዱ በሌላው ጫፍ እየገባ የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ የጣት ያህል ቆልማማ የብረት ሜንጦ የታሰረበት። ከሳንቃው ላይ ቆማ ትዘረጋለች። ካልደረሰላት ትንበረከካለች። እሱም ካልሆነ በሆዷ ተኝታ፣ አገጯን ከሳንቃው ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ ትንፋሿን ይዛ ታጠምዳለች። ቁመቷ ረጅም፣ አንገቷም ረጅም ነው፤ ውሃ ውሃውን እያየች አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ መቆም ልማዷ ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሽመላ ብለው ሰየሟት። ዕድሜዋ ሲገፋ እትዬ ሽመላ ተባለች። እሷም ስሙን ወደደችው፤ «ሽመላ ዓሣ ይዛ ትበላለች፣ እኔ ባርኔጣ ይዤ እመልሳለሁ፤ ከሷ እሻላለሁ» ትል ነበር።

ትዳር አልያዘችም። ስለምን ቀረሽ ያላት ሰው መልሱን ያገኛል፦ «ባል አልያዝኩም እንጂ የስንቱን ባል ባርኔጣ ይዣለሁ።»

ወደ ሥራው የገባችው በእንግዳ ማረፊያው ክፍል ስታጸዳ ቆይታ ነው። አንድ ቀን የጥበቃው አለቃ፣ ያኔም ሽበታም የነበረ ሰው፣ ሳንቃው ላይ ወስዶ ነጩን መሬት አሳያት። እንደ ኖራ የነጣ፣ ደረቅ፣ ልጅ እንኳን ቢሮጥበት ምንም የማይሆን የሚመስል መሬት። አለቃው ከኪሱ ጭብጥ የምታህል ድንጋይ አውጥቶ ወረወረ። ድንጋዩ እንደ ደረቅ ዳቦ ቅርፊት ቀጭ አድርጎ ሰብሮ ገባ፤ ከቀዳዳው እንፋሎት ተነፈሰ። «መሬት መስሎሻል?» አላት፤ «የድስት ክዳን ነው። እዚህ የምትሠሪው እግርሽን ክዳኑ ላይ ላለማድረግ ከማልሽልኝ ነው።» እሷም ማለች። ከዚያ ወዲያ የሚኒስትር ሚስት ኮፍያም ይሁን የሕፃን ቆብ፣ ዘንጉ ካልደረሰ ሳንቃውን ለቃ አታውቅም። በምንም፣ ለማንም።

ያነሳቻቸውን ባርኔጣዎች በጥበቃው ቢሮ ጀርባ በተወጠረ ሽቦ ላይ ታሰጣቸዋለች። የገለባ አለ፣ የሱፍ አለ፣ ላባ የተሰካበት አለ፤ አንዳንዱ ከውሃው ጋር በሚወጣው ድኝ ብዛት ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱ ከእንፋሎቱ ተኮማትሮ ለድመት የተሰፋ መስሏል። ባለቤት የመጣለት ይወስዳል። ያልመጣለት ሽቦው ላይ እየተወዛወዘ ይከርማል። ከሩቅ ያየው ሰው አንገት የሌላቸው እንግዶች ተሰልፈው የሚጠብቁ ይመስለው ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ በወሬ ነበር የምታውቀው። እህቷ በየዓመቱ «ነይና ውሃዬን እይው» ትላታለች፤ እሷ ደግሞ ሥራ በዛ፣ ሙሽራ ልብስ አስቸኮለች፣ ባለቤቴን ለማን ጥዬው፣ እያለች ታስተላልፈዋለች። ባለቤቷ ጣሪያ ሠሪ ነበር፤ ቆርቆሮ የሚመታ፣ ክረምት ሲመጣ ስሙ በየቤቱ የሚጠራ። አንዲት ቡናማ የሱፍ ባርኔጣ ነበረችው። ፀሐዩንም ዝናቡንም አብራው የቻለችው እሷ ናት። ስንት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወርዷል፣ ባርኔጣዋ ግን አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም፤ አገጩ ሥር የሚያስራት ማሰሪያ ነበራታ። የሞተው ግን ከጣሪያ ወድቆ አይደለም፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ የሻይ ብርጭቆ በእጁ እንዳለ ነው። ሻዩ እንኳን አልፈሰሰም።

ከዚያ ወዲያ ባርኔጣዋ ከስፌት መኪናው አጠገብ በሚስማር ተሰቀለች። ልብስ ሰፊዋ ማንም ሳያያት አውርዳ ውስጧን ታሸት ነበር። የሱ ላብ፣ የዝገት ሽታ፣ የፀጉሩ ሽታ። ከውስጥ በኩል የራሱ ቅርጽ እንዳለ ነበር፤ በግራ በኩል ትንሽ ገባ ያለ፣ በልጅነቱ በር መትቶት የቀረ ጎድጓዳ እንኳን ሳይቀር። ፎቶግራፉን ያየ ሰው ጥርሱን ነው የሚያየው። ባርኔጣዋ ውስጥ ግን ሰውየው ራሱ ነበረ።

ታላቅየዋ ለሐዘኑ መጥታ ከርማ ስትሄድ ደግማ ለመነቻት። «የብርዱ ወራት ይሻላል» አለቻት፤ «ሰው ይቀንሳል፣ አውሬው ይበዛል። ነይ፣ ዓይንሽ ሌላ ነገር ይይ።» በዚህ ተነሳች። ባርኔጣዋንም ልታደርግ ቆረጠች፤ እሱ አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን ሲል ነበርና፣ እሱ ቢቀር ባርኔጣዋ ትይ ብላ። ማሰሪያዋን ስታየው ግን በላብ አልቆ ተቦጫጭቋል። ፈታችው። አዲስ ቆርጣ፣ ጠርዙን አጥፋ፣ ለጊዜው በሳሳ ክር ያዝ ያዝ አድርጋ፣ አጥብቄ እሰፋዋለሁ ብላ ተወችው። ያን ሳምንት ደግሞ የሰው ሥራ ነበረባት። የልብስ ሰፊ ነገር ይታወቃል፤ የሰው ቀሚስ ጥንቅቅ ይላል፣ የራሷ ጠርዝ ግን በስፒል ነው የሚውለው። አውቶቡሱ ሊሄድ ሲል ባርኔጣዋን አንስታ ደፋች፣ ማሰሪያውንም አሰረች። አገጯ ሥር ያለው ቋጠሮ ጥሩ ነበር። ባርኔጣዋ ላይ ያለው ግን ያው ሳሳ ያለው ክር ነው።

የእህቷ ክፍል ከሠራተኛ መኖሪያው መጨረሻ ላይ ነበረች፤ የብረት አልጋ፣ አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሁልጊዜ የሚያልበው መስኮት። ከድኙ የተነሳ ብረት ሁሉ ይጠቁራል፤ ማንኪያዎቹ ጠቁረዋል፣ የበሩ ቁልፍ ጠቁሯል፣ የልብስ ሰፊዋም የብር ቀለበት በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ተገኘ። ሽታውን ስትጠይቅ፣ «የተበላሸ እንቁላል ነው የሚሉት» አለቻት እህቷ፣ «እኔ ግን የቤቴ ሽታ ነው። እናንተ ጋ ስመጣ አፍንጫዬ ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል።»

በማግስቱ ጠዋት አብረው ወጡ። ታላቅየዋ ዘንጓን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ከፊት፣ ታናሽየዋ ከኋላ። ሳንቃው በውርጭ ይንቋቋል። በመግቢያው ላይ ለሚያልፈው ጎብኚ ሁሉ እትዬ ሽመላ እንደ ሰላምታ የምትለው አንድ ነገር አላት፦ «ማሰሪያዎን ጠበቅ፣ ጌታዬ። ማሰሪያሽን ጠበቅ፣ እመቤቴ።» አንዳንዱን በጣቷ ሳብ አድርጋ ትፈትሸዋለች። እህቷን ግን ምንም አላለቻትም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ለልብስ ሰፊ ስለ ማሰሪያ ምን ይነገራል?

ያን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ያየችውን ለመናገር እስከ ዛሬ ቃል ያጥራታል። አንዱ ኩሬ ሰማያዊ ነው፤ እሷ በሕይወቷ ብዙ ሰማያዊ ጨርቅ ይዛለች፣ ያንን ግን የትም ሱቅ አላየችም። ዳርና ዳሩ ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካን፣ ከዚያ ቡናማ፤ ልክ አንድ ሰው በጥንቃቄ ጥለት የሰፋበት ይመስላል። ዳክዬዎች በሞቀው ወንዝ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ከነሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ በረዶ ነው። አንዲት ቀበሮ ጭንቅላቷን ጋደል አድርጋ ከበረዶው ሥር የሚሮጠውን አይጥ ታዳምጣለች። እህቷ ሁሉንም እንደ ጎረቤት ነበር የምታስተዋውቃት። ይሄኛው አኩራፊ ነው፣ ይቺ ለብዙ ዓመት ዝም ብላ ትናንትና ነው የተነፈሰችው፣ ያ ወጣት ጎሽ ከመንጋው ተባርሮ ብቻውን የሚዞር ነው፤ ሲበርደው እዚህ ይመጣል። ልብስ ሰፊዋ እህቷን ሰርቃ አየቻት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቁመቷን የምታፍርበት፣ ሰው መካከል የምትጎብጥ ልጅ ነበረች። እዚህ ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ቦታውም ልክ በሷ ቁመት የተሰፋላት ይመስል ነበር።

ትልቁን ፍል ውሃ ሽማግሌው ይሉታል። ሲነሳ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ያስላል፣ ከዚያ ትንሽ ተፍ ይላል፤ ሰው ይኸው ነው እንዴ ብሎ ፊቱን ሊያዞር ሲል፣ ምድር ከሥር ተንቀጥቅጣ ነጭ ዓምድ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ሁለቱ እህትማማቾች ሽማግሌው ፊት ሲደርሱ ገና ማጉረምረም ላይ ነበር። ነፋሱ የመጣው ያኔ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋ አጠገብ ጠቅ ያለ ነገር ተሰማት፤ ሳሳ ያለው ክር ነው። እጇን ስትሰድ ራሷ ባዶ ነው። ባርኔጣዋ አንዴ፣ ሁለቴ ተገላብጣ፣ ነጩ መሬት ላይ በጠርዟ እየተንከባለለች ሄዳ፣ ከሽማግሌው አፍ ወዲህ ቁጭ አለች። አፏን ወደ ላይ ከፍታ፣ ልክ ባሏ ጣሪያ ላይ ያስቀመጣት ይመስል።

ልብስ ሰፊዋ አላሰበችም። ሰው እንዲህ ባለው ሰዓት አያስብም። በመደገፊያው ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች፣ አንድ እግሯን ወደ መሬቱ አወረደች። የጫማዋ ጫፍ ነጩን ነካ። ያኔ ከኋላዋ የኮቷን መቀነት አንድ ነገር ጨምድዶ ያዛት። ሜንጦው ነበር። ወደፊትም ወደኋላም ማለት አቃታት። የእህቷ ድምፅ መጣ፤ አልጮኸችም፤ እንዲያውም ለሕፃን የምታወራ ነበር የምትመስለው።

«አንዱን እግርሽን መልሺ፣ እናቴ። ሌላውን እኔ ይዤዋለሁ።»

መለሰችው። እንደ ባርኔጣ ተጎትታ ሳንቃው ላይ ተቀመጠች። በአካባቢው የነበሩት ጎብኚዎች ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ አንዱ ሊያጨበጭብ ጀምሮ ሰው ሲያየው እጁን ኪሱ ከተተ። እትዬ ሽመላ ሜንጦውን ከመቀነቱ ፈታች። ከዚያ ፍርሃቷ ወደ ቁጣ ዞረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለማን ይመስልሻል አለቻት፤ ባርኔጣ ላወርድ ብለሽ ራስሽን ልትጥይው ነበር አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ግን ጆሮዋ ሌላ ነገር አልሰማ ብሎ፣ ዓይኗ ባርኔጣዋ ላይ ነበር። «አውጪልኝ» አለች። ዘንጉ ተዘረጋ። እትዬ ሽመላ ተንበረከከች፤ አልደረሰም። በሆዷ ተኛች፣ ትከሻዋ እስኪወጣ ድረስ ዘረጋች፤ ከሜንጦው እስከ ባርኔጣዋ ገና የአንድ ሰው ቁመት ቀረ። ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። ዘንጉ አይደርስም አለች።

ያኔ ነው ልብስ ሰፊዋ የሚያስከፋ ነገር የተናገረችው። አንቺ መሬቱን ታውቂዋለሽ፣ የት እንደሚረገጥ ታውቂያለሽ፣ ለኔ ስትይ አንድ እርምጃ ብትረግጪ ምን አለበት አለቻት። እህቷም አልሄድም አለች። ለማንም አልሄድኩም፣ ላንቺም አልሄድም። ይህን ስትል ዓይኗን ከእህቷ ዓይን አላነሳችም።

ተስፋ ግን አለን አለቻት። ሽማግሌው ሲነሳ ውሃው ወደ ሳንቃው ነው የሚፈሰው፤ ብዙ ጊዜ የሩቁን ባርኔጣ እየገፋ ያመጣልኛል፤ እንጠብቅ። ተቀምጠው ጠበቁ። ሽማግሌው ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ ለማየት የመጣችውን ያን ነጭ ዓምድ አላየችውም ማለት ይቻላል፤ ሰው ሁሉ አንጋጦ ሳለ እሷ ብቻ መሬት መሬቱን ነው የምታየው። ውሃው ፈሰሰ፣ ባርኔጣዋን አነሳ፣ አንሳፈፋት። ከዚያ እትዬ ሽመላ ከጠበቀችው በተቃራኒ፣ ውርጩ መንገዱን ቀይሮበት ይሁን ምን፣ ወደ ማዶው ገፍቶ፣ የሞቀ ገደል ሥር አስቀመጣት። «እንዲህ አድርጎ አያውቅም» አለች እትዬ ሽመላ። ድምፅዋ እንደተከዳ ሰው ነበር።

ይህም አልበቃ ብሎ ብቸኛው ጎሽ መጣ። ጎሾቹ መርገጫውን የሚያውቁት በምን እንደሆነ እንጃ፤ ከባድ ሆኖ ሳለ እንደ ድመት እየመረጠ ረገጠ። ባርኔጣዋ ጋ ደረሰ። አሸተታት። ረጅም ጊዜ አሸተታት። ከዚያ የፊት ጉልበቱን አጠፈ፣ የኋላውን ጣለ፣ ያን ሁሉ ገላውን አምጥቶ እላይዋ ላይ ተኛባት። ዓይኑንም ጨፈነ።

አንድ ጎብኚ፣ ካሜራ የያዘ ወፍራም ሰውዬ፣ ይሄ በየቀኑ የሚታይ ትርዒት ነው ወይስ ዛሬ ብቻ ነው ብሎ በትሕትና ጠየቀ። እትዬ ሽመላ ጎሹን እያየች፣ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» አለች። ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። ሳትፈልግ ነው የሳቀችው፤ ባሏ ቢያይ ኖሮ ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው፤ ይህ ትዝ ሲላት ሳቁ ተገልብጦ እንባ ሆነ።

የጥበቃው አለቃ መጥቶ ነገሩን ሰማ። ልብስ ሰፊዋ ፊሽካህን ንፋልኝ፣ ይነሳልኝ ብላ ለመነችው። አለቃው ባርኔጣውን ከራሱ አውልቆ በእጁ ያዘ፤ ጎሹ የተኛባት የማን እንደነበረች ተነግሮታል። «እመቤቴ፣ ጎሹ ባለቤት ነው፣ እኛ እንግዶች ነን» አላት። «ባለቤት ሲተኛ እንግዳ አይቀሰቅስም።» እሱም ብዙ ሰዓት አብሯቸው ቆመ። ጎሹ አልተነሳም።

በዚያ መጠበቅ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር አየች። ከሳንቃው ሥር፣ የጫማዋ ጫፍ በነካበት ቦታ፣ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ተከፍቷል። ከቀዳዳዋ እንደ ክር የቀጠነ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል። እህቷም አይታዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ጎሹ የለም፤ ባርኔጣዋም የለችም። የተኛበት ቦታ ላይ የገላው ቅርጽና ጥቂት ፀጉር ብቻ ቀርቷል። ልብስ ሰፊዋ የአውቶቡሱ መውጫ ሰዓት ደርሶ ነበርና ሻንጣዋን ያዘች። ሐዘን ሰውን ዓይኑን ያሳውረዋል፤ ቀዳዳዋን እያወቀች፣ እህቷን ሳትስም፣ «ለባዳ የምታደርጊውን ለእህትሽ ነፈግሽ» ብላት ወጣች። እትዬ ሽመላ ሮጣ ደርሳ የአንገቷን ሻርፕ አገጯ ሥር በሁለት ቋጠሮ አሰረችላት። ጠበቅ አደረገችው። ከዚያ ለቀቀቻት።

በከተማውና በፓርኩ መካከል የሚመላለስ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ አፉ የማያርፍ፣ የሁሉንም ሰው ጉዳይ ይዞ የሚዞር። ልብስ ሰፊዋ ከተመለሰች ብዙ ሳትቆይ ይህ ሾፌር ስፌት ቤቱ በራፍ ላይ ቆሞ፣ እህትሽ «ገና ነው» በላት ብላኛለች አለ። ምኑ ነው ገና አላለችውም። የስፌት መኪናዋን ረገጠች። በሚቀጥለው ጉዞውም መጣ፦ «ገና ነው።» በሌላውም። ክር ልትገዛ ስትወጣ መንገድ ላይ ካገኛትም በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ገና ነው!» ይላታል፤ ሰው ምን ብድር አለባት እስኪል ድረስ።

እየዋለ እያደረ ግን ልብስ ሰፊዋ የሾፌሩን ጥሩምባ መጠበቅ ጀመረች። አንድ ቀን ሳይመጣ ቢቀር፣ እህቷ ታማ ይሆን ብላ በር ላይ ወጥታ ቆመች። ሾፌሩ በኋላ እንደነገራት፣ እህቷ በየማለዳው ጎብኚ ሳይገባ ወጥታ፣ በዚያ ውርጭ በሆዷ ተኝታ ባርኔጣዋን ከሳንቃው ሥር ሁሉ ትፈልግ ነበር። ጉልበቷ አብጦ በዘንጓ ተመርኩዛ ነው የምትሄደው አላት። ይህን የሰማች ዕለት ልብስ ሰፊዋ የሰው ሥራ አቆመች። ቀዳዳዋ ናት ዓይኗ ላይ የመጣችው፤ ያቺ እንደ ክር የቀጠነች እንፋሎት። እህቷ አንድ እርምጃ ብትረግጥላት ኖሮ ዛሬ «ገና ነው» ብሎ የሚልክላት ማን ነበር? እህቷ የነፈገቻት ነገር ምንድነው? ሕይወቷን ነው? ሕይወቷንማ በሜንጦ ጎትታ የመለሰችላት እሷ ናት።

ይቅርታ በቃል አይሆንላትም ነበር፤ ከልጅነቷም አይሆንላትም። የኮት ገበር ቁርጥራጮቿን ሰብስባ ማሰሪያ መስፋት ጀመረች። የባርኔጣ ማሰሪያ፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ፤ በየጫፉ መቆለፊያ ያለው፣ ማንኛውም ባርኔጣ ላይ የሚገባ። ጠርዙን በእጥፍ ሰፋችው፤ ዝሆን ቢጎትተው አይበጠስም። በከረጢት ሞልታ ለሾፌሩ ሰጠችው። ምን ልበላት አላት ሾፌሩ። ለእንግዶችሽ ስጫቸው በላት አለች። ሌላስ? ሌላ የለም። ሾፌሩ ግን ሾፌር ነው፤ እያለቀሰች ነው የሰጠችኝ ብሎ ጨምሮ ተናገረ። ባታለቅስም ውሸት አልነበረም።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በዚያ ፓርክ መግቢያ ላይ ማሰሪያ የሌለው ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ አንድ ማሰሪያ ይሰጠው ጀመር። በሽቦው ላይ የሚሰጡት ባርኔጣዎችም እያነሱ መጡ። እትዬ ሽመላ ለአለቃው፣ «እህቴ ከሥራ ልታስወጣኝ ነው» ስትል ትስቅ ነበር።

የዚያው ዓመት ብርድ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ስፌት ቤቱ ፊት ለፊት ጥሩምባውን ነፋ። ሾፌሩ ግን ገና ነው አላለም። ወርዶ በሩን ከፍቶ እጁን ዘረጋ። እትዬ ሽመላ ጉልበቷን እየሰበሰበች ወረደች፤ ጭኗ ላይ ይዛው የመጣችውን የጋዜጣ ጥቅል ደረቷ ላይ አቅፋለች። ልብስ ሰፊዋ መቀስ በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

ጥቅሉ ተፈታ። ባርኔጣዋ ነበረች። ግን ቡናማ አይደለችም፤ ውሃው ከላይ እስከ ታች በነጭ ቅርፊት ለብጧታል፤ በጣት ሲመቷት እንደ ሸክላ ትጮኻለች። በአንድ ጎኗ ጠፍጠፍ ብላለች፣ ቅርፊቷ ውስጥም የጎሽ ፀጉር ተጣብቆ ቀርቷል። ልብስ ሰፊዋ ገለበጠቻትና ውስጧን በእጇ ዳሰሰች። በግራ በኩል ትንሽ ገባ ያለችው ጎድጓዳ እዚያው ነበረች። ከእንግዲህ እንደማትለወጥ ሆና ደርቃለች። ሽታው ግን የለም፤ የድኝ ሽታ ብቻ ነው ያላት፤ እህቷ የቤቴ ሽታ የምትለው።

እትዬ ሽመላ የት እንዳገኘቻት ነገረቻት። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው መንገዱን መልሶ፣ ከሳንቃው እግር ሥር አምጥቶ አስጠግቷታል። በሆዷ ተኝታ በሜንጦው አነሳቻት። እና አንድ ነገር እንድታውቅላት ፈለገች፤ ያኔ ነው ቀና ብላ፣ ቁመቷን ሁሉ አውጥታ የቆመችው።

«እግሬን አላወረድኩም» አለች።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «ባታወርጂው ነው ያለሁት።»

ከዚያ ሳመቻት። በእህቷ አገጭ ሥር የታሰረውንም አየችው፤ በራሷ እጅ የሰፋችው ሰማያዊ ማሰሪያ ነበር። ሳብ አድርጋ ፈተሸችው። ጠንካራ ነው።

እትዬ ሽመላ ከዚያ በኋላም ጉልበቷ እምቢ እስኪላት ድረስ ሠርታለች። ጡረታ ስትወጣ አለቃው ዘንጉን ሊሰጣት ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን ለተተኪዋ ይቅር ብላ ሜንጦዋን ብቻ ፈትታ ወሰደች። አሁን የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው፤ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ መስኮቷ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በሚያየው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ወንበር አውጥታ ማሰሪያ ትቆርጣለች፤ ነጯ ባርኔጣ በላይዋ በሚስማር ተሰቅላለች።